በሰው ሀብት ክፍል በር ላይ

የሰው ሀብት ሥራ ከጀመርኩ እነሆ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ስጀምር ክፍላችን «ፐርሶኔል» ይባል ነበር፤ ሠራተኛው ሲገባና ሲወጣ ትልቅ መዝገብ ላይ በእጁ ይፈርማል፣ የግል ማህደሩም በካርቶን አቃፊ ታስሮ ብረት ሸልፍ ላይ በቁጥር ይደረደራል። ዛሬ ሰዓት የሚመዘግበው የጣት አሻራ ማሽን ነው፤ ማህደሩ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል፤ የክፍሉም ስም ተቀይሯል። ሠራተኛው ቅሬታ ይዞ በራችን ላይ ሲቆም ፊቱ ላይ የሚነበበው ጥያቄ ግን ያው የድሮው ነው፤ «ይህን ነገር ብናገር ወሬው ማን ዘንድ ይደርሳል? እኔስ ነገ እንጀራዬን አገኛለሁ ወይ?» ይላል። አንድ ድርጅት ሥነ ምግባር አለው ወይም የለውም የሚባለው ለዚህ ጥያቄ በሚሰጠው መልስ ነው ብዬ አምናለሁ፤ መልሱን የሚሰጠው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሰው ሀብት ባለሙያው ነው።

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጉዳዩ የራሱ ባለቤት አለው። የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ በየመሥሪያ ቤቱ የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍሎች ተደራጅተዋል፤ 12ቱ የሥነ ምግባር መርሆዎችም፣ ቅንነት፣ ታማኝነት፣ ግልጽነት፣ ተጠያቂነት እያሉ፣ በየኮሪደሩ ተሰቅለው ባለጉዳይ ተራውን ሲጠብቅ ያነባቸዋል። በግል ድርጅት ግን እንዲህ ያለ ክፍል የሚያቋቁም አሠሪ ብዙ አላየሁም። ስለዚህ ጉቦ የተቀበለው የግዥ ሠራተኛ፣ ዘመዱን ያስቀጠረው ኃላፊ፣ ሴት ሠራተኛ የሚያስጨንቀው የፈረቃ አለቃ፣ የሌላውን ሰዓት የሚፈርመው ጓደኛ፣ ሁሉም ተንከባሎ ተንከባሎ እኛው ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። እኛ ደግሞ የተማርነው ቅጥር፣ ደመወዝ፣ ፈቃድና ጡረታ ነው። ቅሬታ እንዴት እንደሚደመጥ ያስተማረን የለም፤ እኔ የተማርኩት በሰው ላይ በሠራሁት ስህተት ነው።

ነገሩ የሆነው በ2006 ዓ.ም. ነው። ያኔ የምሠራበት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ አንዲት የማሽን ኦፕሬተር የቀን ፈረቃ ካለቀ በኋላ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ፣ ቢሮዬ በር ላይ መጥታ ቆመች። ጋዋኗን አላወለቀችም፤ ትከሻዋ ላይ የክር ቁርጥራጭ ነበር። «ጋሼ፣ ትንሽ ላናግርዎት» አለችኝ። ግቢ ብያት ገባች፣ ወንበር ሰጥቻት ግን አልተቀመጠችም። የፈረቃ ኃላፊዋ በሥራ መሀል እየመጣ የሚናገራትን ነገረችኝ፤ እምቢ ካለችው ወዲህ የትርፍ ሰዓት ሥራ ሲደለደል ስሟ እንደሚዘለል፣ በደመወዟ ላይ የምትተማመነውም ያው ትርፍ ሰዓት እንደሆነ፣ እናቷም ጋር የምትልከው ከሱ እንደሆነ ነገረችኝ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ ስትናገር የምታየው እኔን ሳይሆን በሩን ነበር።

እኔ ያደረግኩት አባቶቻችን ሲያደርጉ ያየሁትን ነው። በማግሥቱ ሁለት በዕድሜ የገፉ፣ የተከበሩ ሠራተኞች ጠራሁ፤ እሷንም እሱንም በአንድ ክፍል አስቀመጥኩ፤ ያለችውን በፊቱ እንድትደግም ጠየቅኳት። ደገመችው፣ ግን ግማሹን ዋጠችው። እሱ «እኔ እንደ እህቴ ነው የማያት፤ ካስቀየምኳት ይቅርታ» አለ። ሽማግሌዎቹ መከሩ፣ ነገር ማክረር ለማንም እንደማይበጅ ተናገሩ፣ ተነስተው እንዲጨባበጡ አደረጉ። እኔም ጉዳዩን በሰላም ፈታሁ ብዬ ደስ እያለኝ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። አንዲት መስመር ቃለ ጉባዔ እንኳ አልያዝኩም።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ መልቀቂያ አስገባች። ደብዳቤዋ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነበር፤ «በግል ችግር ምክንያት ሥራዬን በፈቃዴ ስለምለቅ እንድሰናበት አመለክታለሁ» ይላል። ክሊራንሷን፣ ከየክፍሉ ዕዳ እንደሌለባት የሚፈረምበትን ወረቀት፣ ይዛ ከንብረት ክፍል ወደ ሒሳብ፣ ከሒሳብ ወደ ካፍቴሪያ ስትመላለስ አየኋት፤ ንብረት ክፍል የክር መቁረጫ መቀሷን አስረክባ ፈርመውላታል። በመጨረሻ የኔ ፊርማ ቀረና መጣች። ፈረምኩላት። አመሰገነችኝና ሄደች። ከዚያ በኋላ በነበረው ዓመት ከዚያው የስፌት መስመር ሌሎች ሁለት ሴቶች በተመሳሳይ ቃል፣ «በግል ችግር ምክንያት» ብለው ለቀቁ፤ ያ ቃል ምን እንደሚሸፍን የገባኝ ሦስተኛውን ደብዳቤ ካነበብኩ በኋላ ነው።

ሽምግልናን አላንኳስስም። በዕድር፣ በጎረቤት፣ በባልና ሚስት መካከል ስንት ነገር እንዳበረደ በዓይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን ሽምግልና የሚያምረው ሁለቱ ወገኖች በአንድ ሚዛን ላይ ሲቆሙ፣ ያጠፋው ካሣ ሊከፍል፣ የተበደለውም «አልታረቅም» ሊል ሲችል ነው። ፋብሪካ ውስጥ አንዱ የሌላውን ፈረቃ ይመድባል፣ ትርፍ ሰዓት ይሰጣል ወይም ይነሳል፣ የአፈጻጸም ምዘና ይሞላል። እንዲህ ባለ ግንኙነት ውስጥ «ታረቁ» ማለት ደካማውን «ዝም በል» ማለት እንደሆነ ዘግይቶ ገባኝ። ያቺ ልጅ ወደ እኔ ስትመጣ የፈለገችው ዕርቅ አልነበረም፤ ድርጊቱ እንዲቆም ነበር።

በጊዜው ሥራ ላይ የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996 የሠራተኛን ሰብዓዊ ክብርና ሞራል ስለሚነካ ድርጊት በጥቅሉ ያነሳ ነበር እንጂ ወሲባዊ ትንኮሳን በስሙ ጠርቶ አይተረጉምም ነበር። አሁን ያለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ወሲባዊ ትንኮሳና ወሲባዊ ጥቃት ምን ማለት እንደሆኑ በትርጉም አንቀጹ ለየብቻ አስቀምጧል፤ በአንቀጽ 14 ከተከለከሉ ድርጊቶች መካከል አስገብቷቸዋል፤ በአሠሪው ወይም በሥራ መሪው እንዲህ ያለ ነገር የተፈጸመባት ሠራተኛም በአንቀጽ 32 መሠረት ያለማስጠንቀቂያ ሥራዋን ልትለቅ ትችላለች። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ የሕጉ ቃል ባይኖር ኖሮ ዛሬም «ቀልድ ነው» የሚል ኃላፊ ፊት መቆም ያቅተን ነበር። ቢሆንም ሕጉ መልቀቅን ፈቀደላት እንጂ ሳትለቅ እንድትቀር የሚያደርጋት የድርጅቱ አሠራር ነው፤ ያ አሠራር ደግሞ የሚዘረጋው በእኛ ክፍል ነው።

አሁን ቅሬታ ሲመጣ የማደርገው ሌላ ነው። ሰውየው መጻፍ ከቻለ ራሱ ይጽፋል፤ ካልቻለ ወይም እጁ ከተንቀጠቀጠ እኔ እጽፍና ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብለታለሁ፤ «ይህ ያልከው ነው ወይ?» ብዬ ጠይቄ ያልሆነውን እናርማለን፣ ከዚያ ይፈርማል፣ አንድ ቅጂ ይወስዳል። ቅጂውን መውሰዱ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ ያለ ሰው ጉዳዩ እንዳልተቀበረ ያውቃል። ከሳሽና ተከሳሽን በአንድ ክፍል አላስቀምጥም። እስኪጣራ ድረስ መለየት ካስፈለገ የሚዛወረው የተከሰሰው ነው፤ ቀድሞ «ለደኅንነቷ» እያልን እሷን ወደ ሌላ መስመር እናዛውር ነበር፣ ሠራተኛው ሁሉ ግን እንደ ቅጣት ነበር የሚያየው፤ ትክክልም ነበር። ምስክር የምሰማው በየተራ ነው፤ የሰማሁትንም ለማንም አልናገርም።

ጊዜም ትልቅ ነገር ነው። በአዋጁ አንቀጽ 27 መሠረት አሠሪው ያለማስጠንቀቂያ የሚያሰናብት ጥፋት መፈጸሙን ካወቀ በኋላ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ እርምጃ ካልወሰደ መብቱ ይቀራል። ስንት ጉዳይ «ኮሚቴው አልተሟላም»፣ «ሥራ አስኪያጁ መስክ ላይ ናቸው»፣ «በዓሉ ይለፍ» እየተባለ ቀኑ እንዳለፈበት የሥራ ክርክር ችሎት የቆመ የሰው ሀብት ባለሙያ ሁሉ ያውቃል። የተበደለው ሰው ግን ስለ ይርጋ፣ ጊዜ ሲያልፍ መብት ስለ መቅረቱ፣ አያውቅም፤ የሚያየው ጥፋተኛው ተመልሶ ወንበሩ ላይ መቀመጡን ብቻ ነው።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄደው ቅሬታ ያቀረበውን ሰው ከበቀል መጠበቅ ነው። አገራችን በ2003 ዓ.ም. የወጣ የጠቋሚዎችና የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ አላት፤ የተቀረጸው ግን ለከባድ ወንጀሎች ነው። መጋዘን ውስጥ የጎደለ ጨርቅ የጠቆመ ወይም አለቃውን የከሰሰ ሠራተኛ ከዚያ ጥላ ሥር አይገባም። አዋጅ 1156 ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ ወይም በክርክር መካፈሉ ለስንብት በቂ ምክንያት እንደማይሆን በአንቀጽ 26 ደንግጓል፤ ይሁን እንጂ በቀል ሁልጊዜ በስንብት አይመጣም። ፈረቃ ይቀየራል፤ ዓመት ፈቃድ «ለሥራው ሲባል» ይራዘማል፤ ሁልጊዜ 90 ያገኝ የነበረ ሰው ምዘናው ላይ 65 ይሞላለታል። ስለዚህ ቅሬታ ያቀረበ ሠራተኛ ካለ ለስድስት ወር ያህል ምዘናውን፣ ትርፍ ሰዓቱንና የፈረቃ ድልድሉን እኔው ራሴ እከታተላለሁ፤ ቁጥሩ በድንገት ከወረደ ኃላፊውን ጠርቼ ምክንያቱን በጽሑፍ እጠይቃለሁ። ጥያቄው ራሱ ብዙ ነገር ያቆማል።

ስለ ቅጥርም ጥቂት ልበል። ማስታወቂያ ከወጣ በኋላ ስልክ መደወል ይጀምራል፤ «የእኛ ልጅ ናት፣ እያት»፣ «ከዚያው ሰፈር ናት፣ አደራ»። የሚደውለው ሰው ክፉ አይደለም፤ ለዘመድ መሮጥ ያደግንበት ነው፤ እኔም ሥራ ስፈልግ አጎቴ ሮጦልኛል። ነገር ግን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተገፍቶ ያነበበ፣ ፎቶኮፒ አድርጎ፣ ታክሲ ከፍሎ የመጣ የማንም ልጅ ያልሆነ ልጅ አለ፤ ለሱ የሚደውልለት የለም። የጽሑፍ ፈተናውን ወረቀት በስም ሳይሆን በመለያ ቁጥር ማረም፣ ቃለ መጠይቅ የሚያደርጉትም አመልካቹን በዝምድና ወይም በቅርበት የሚያውቁ ከሆነ አስቀድመው በጽሑፍ አሳውቀው እንዲነሱ ማድረግ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ስልኩ አልቆመም፤ የምመልሰው መልስ ግን ቀላል ሆነልኝ፤ «ወረቀቱ ላይ ስም የለም» እላለሁ፣ እውነቴንም ነው።

ሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ የዘመኑ ቁስል ነው። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማስረጃ እንዲያረጋግጥልን እንልካለን፤ መልሱ ሲመጣ አንዳንዴ ለዓመታት አብሮን የበላ፣ የጠጣ ሰው ወረቀቱ የሱ እንዳልሆነ ይነግረናል። በአንድ ወቅት በሠራሁበት ድርጅት ሁለት ሰዎች ላይ በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ማስረጃ ተገኘባቸው። አንደኛው ሾፌር ነበር፤ በሳምንቱ ተሰናበተ፣ ጉዳዩም ወደ ፖሊስ ሄደ። ሁለተኛው የመምሪያ ኃላፊ ነበር፤ «ስሙ እንዳይጎድፍ» ተብሎ መልቀቂያ እንዲያስገባ ተመከረ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ተጻፈለት፣ ኬክ ተቆርጦ ተሸኘ። ደብዳቤውን ያዘጋጀው የኔ ክፍል ነው። በዚያን ሰሞን ጋራዥ አካባቢ ሳልፍ ሾፌሮቹ ወሬያቸውን ያቆሙ ነበር፤ ሰላምታዬን ይመልሳሉ፣ ግን ማንም ቀና አይልም። በዚያው ዓመት ለሠራተኛው የሥነ ምግባር ሥልጠና ሰጥተን ነበር፤ አዳራሹ ሙሉ ነበር፤ ጥያቄ ካለ ሲባል አንድ እጅ አልወጣም። ጥያቄ የጠፋው ሥልጠናው ግልጽ ስለነበረ አይደለም።

የሥራ ልምድ ደብዳቤ ነገር ከተነሳ አንድ የማልዘለው ጉዳይ አለ። ሕጉ ሠራተኛው ሲጠይቅ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ይከፈለው የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ ማስረጃ በነጻ እንዲሰጠው ያዛል። እኛ ከዚያ በታች «በሥራ ዘመናቸው መልካም ሥነ ምግባር የነበራቸውና ታታሪ ሠራተኛ ነበሩ» የምትል መስመር እንጨምራለን። መስመሯ ኮምፒውተር ውስጥ ከቅጹ ጋር ተቀምጣለች፤ የሚቀየረው ስሙ ብቻ ነው። ለሰረቀው፣ ለተንኮለኛው፣ ለትጉሁም እኩል ትጻፋለች። ሌላው ድርጅት ያንን ደብዳቤ አምኖ ይቀጥራል፤ እኛም የሌላውን አምነን እንቀጥራለን። በሺህ የሚቆጠር ደብዳቤ ላይ ማኅተም የመታሁበት ሰው እንደመሆኔ፣ ይህ በየቀኑ የምንሰጠው የሐሰት ምስክርነት እንደሆነ ይሰማኛል። እኔ ከቅጹ ላይ አውጥቻታለሁ። ስለ ሥነ ምግባሩ በእርግጥ የማውቀው፣ ማህደሩም የሚመሰክርለት ሰው ሲሆን ግን የሠራውን መልካም ነገር ለይቼ እጽፋለሁ፤ እንዲህ ያለ ደብዳቤ የተቀበለች የጥራት ተቆጣጣሪ አንብባ ስትጨርስ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፤ በሰባት ዓመት ውስጥ ሦስት የተበላሹ ጭነቶችን ያስቆመችው እሷ እንደነበረች ተጽፎ አየች። የሥራ ልምድ መከልከልን እንደ መያዣ የሚጠቀሙ አሠሪዎችም አሉ፤ ይህ ግን ሕግ መጣስ ስለሆነ ብዙ መከራከሪያ የለውም።

ሌላው ነገር አፋችን ነው። የማንን ደመወዝ፣ የማንን ፍርድ ቤት የልጅ ቀለብ ተቆራጭ፣ የማንን የሐኪም ወረቀት እንደያዝን ሠራተኛው ያውቃል። ሕጉ አሠሪ ሠራተኛውን በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ሲያዝ የኤች አይ ቪን ምርመራ ለይቶ ያወጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ቢሮ ውስጥ አንዲት የማህደር ሠራተኛ በቡና ሰዓት የጠቀሰቻት አንዲት ቃል፣ «እሱ እኮ መድኃኒት ላይ ነው» የምትል፣ ለአምስት ዓመት የገነባነውን አመኔታ በአንድ ከሰዓት ስትንድ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ የሐኪም ማስረጃ በተለየ ቁልፍ ይቀመጣል፤ ቁልፉም ሁለት ሰው ዘንድ ብቻ ነው።

አንድ ጥያቄ አለ፤ ባልደረቦቼ ሁልጊዜ ያነሱታል። «ደመወዝ የሚከፍለን አሠሪው ነው፤ አለቃችን ሥራ አስኪያጁ ነው፤ ጥፋተኛው ራሱ ሥራ አስኪያጁ ቢሆንስ?» ይላሉ። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ በጀግንነት ብቻ አይመለስም። ልጆች የሚያሳድግ ሰው በየወሩ ጀግና እንዲሆን መጠበቅ ተገቢ አይመስለኝም። እኔ ያየሁት መፍትሔ መንገዱን ችግር ሳይመጣ በፊት ጽፎ ማስቀመጥ ነው፤ በከፍተኛ አመራር ላይ የሚቀርብ ቅሬታ በቀጥታ ለቦርድ ሰብሳቢ እንደሚሄድ በውስጥ ደንቡ ላይ ሰላም በሆነበት ጊዜ ካልተጻፈ፣ በችግሩ ቀን ማንም አይጽፈውም። የሠራተኛ ማኅበር ባለበት ደግሞ የዲሲፕሊን እርከኑን በኅብረት ስምምነት ውስጥ ማስገባት ይቻላል፤ ያኔ ደንቡ የሁለቱም ወገን ፊርማ ስላለበት የሰው ሀብት ባለሙያው «እኔ አልኩ» ሳይሆን «የተፈራረማችሁት ይላል» ብሎ መቆም ይችላል። ማኅበሩን እንደ ጠላት የሚያዩ ባልደረቦች አሉኝ፤ እኔ ግን ከባድ ቀን ላይ ከጎኔ ያገኘሁት ማኅበሩን ነው።

በ2015 ዓ.ም.፣ አሁን ባለሁበት ድርጅት፣ ሌላ ልጅ መጣች። እሷም ቆማ ነበር የተናገረችው። ቃሏን ጻፍኩ፣ አነበብኩላት፣ ሁለት ቦታ አረመችኝ፣ ፈረመች፣ ቅጂዋን አጥፋ ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ከተተች። የፈረቃ ኃላፊው በዚያው ሳምንት ወደ መጋዘን ተዛወረ፤ ስድስት ሰው በየተራ ተሰማ፤ የኅብረት ስምምነቱ ኮሚቴ በ19ኛው የሥራ ቀን ውሳኔ ሰጠ። ምርቱ ሊጎዳ እንደሚችል፣ ሰውየው ልምድ ያለው እንደሆነ የተናገሩ ነበሩ፤ ተደምጠዋል፣ ሐሳባቸውም ቃለ ጉባዔው ላይ ሰፍሯል። ተሰናበተ። ወደ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ማህደሩን ከነቅጂው ይዤ ቀረብኩ፤ ውሳኔው ጸና። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት በሬን የሚያንኳኳ ሰው በዛ፤ አንዳንዱ የሚያመጣው ጉዳይ ቀላል፣ አንዳንዱም መሠረት የሌለው ነበር፤ ሁሉንም ጻፍኩት።

ባለፈው ሳምንት ልጅቷ ቢሮዬ መጣች። ዘንድሮ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ክሊራንስ ይዛ የመጣች መስሎኝ ልቤ ደንግጦ ነበር፤ የዓመት ፈቃድ ቅጽ ነበር። እናቷ ዘንድ ለፋሲካ መሄድ እንደምትፈልግ፣ መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ቀኑን ሳይከፋፈል በአንድ ላይ ብትወስደው እንደምትመርጥ ነገረችኝ። አዲሷ የፈረቃ ኃላፊዋ ፈርማበታለች። ቀኑን ቆጠርኩ፣ በቂ ነበራት፤ ፈረምኩበት።